ሐምሌን አሶሳ ላይ በላነው

የአሶሳ ጠዋት ከፉል ድስት ይጀምራል። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ቀዩን አፈር ጭቃ አድርጎታል፤ ባጃጆቹ እየረጩት ያልፋሉ፤ በቆርቆሮ የተከለለችው ቁርስ ቤት ውስጥ ግን ባዶ ወንበር የለም። ባቄላው ማታ ተጥዶ በቀስታ ሲንተከተክ አድሯል። ሻጩ በጭልፋ ወደ ብረት ሳህን ይቀዳውና በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መቀመጫ ደፍጠጥ ደፍጠጥ ያደርገዋል። እንዲልም አይፈልግም፤ ግማሹ ፍሬ፣ ግማሹ ልቁጥ ሲሆን ይበቃዋል። ላዩ ላይ የሰሊጥ ዘይት ያፈስበታል፤ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ከሙን ይከተላሉ። ዳቦው ከምድጃ የወጣ ትኩስ ነው፤ እየተቆረሰ ይዛቅበታል።

ባለቤቴ ፉል ስትበላ አታወራም። እኔ ግን ዙሪያዬን አያለሁ። ከጎናችን ጀለቢያ የለበሱ አዛውንት ከጓደኛቸው ጋር በበርታዎች ቋንቋ በሩጣንኛ ጀምረው በዓረብኛ ቀጠሉና ሻይ በአማርኛ አዘዙ። ሻዩን ያመጣው ልጅ ደግሞ በር ላይ ከቆመው ባለ ባጃጅ ጋር በኦሮምኛ ይቀላለዳል። ወደ ሳህኔ ዞር ብዬ ሳይ ባዶ ነው።

«አንተ ሰው ስታይ እኔ በላሁልህ» አለችኝ። ሌላ አዘዝን።

አሶሳ ሁለተኛ ምርጫችን ነበረች። የመጀመሪያው አንድ የአውሮፓ ከተማ ነው፦ ሐምሌ፣ አደባባይ ዳር የተዘረጋ ጠረጴዛ፣ አይብ፣ ዓሣ፣ ከምሳ በኋላ በእግር መንሸራሸር። ለዚያ የባንክ ማስረጃ፣ የሥራ ቦታ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሆቴል ማረጋገጫ ስንሰበስብ ከረምን። ኤምባሲው በአንድ ገጽ መለሰልን፤ ፍሬ ነገሩ ከሄዳችሁ አትመለሱም የሚል ነው። ባለቤቴ ደብዳቤውን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና «እንግዲያው እትዬ ጋ እንሂድ» አለች። እትዬ የእናቷ ታናሽ እህት ናቸው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ ወደ አሶሳ ከተወሰዱት ሰፋሪዎች አንዷ ነበሩ፤ እዚያው አግብተው፣ እዚያው ወልደው ኖረዋል። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ሲፈታ ትኬት ቆረጥን።

በሐምሌ አሶሳ ሂዱ ብሎ የሚመክር ሰው አልገጠመንም። ለአውሮፓ ሰው ሐምሌ የፀሐይ ወር ነው፤ ለእኛ የጃንጥላ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ አያጣትም፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድባታል። ለፎቶ የሚሄድ ሰው በጋውን ይምረጥ። ለሆዱ የሚሄድ ግን ክረምቱን ቢመርጥ አይጸጸትም፤ ባሚያው ጓሮ ውስጥ የሚያፈራው፣ የቆላው ቀርከሃ የሽመሉ ቡቃያ ከመሬት ብቅ የሚለው፣ ማንጎው የመጨረሻ ጣፋጩን የሚሰጠው በዚህ ሰሞን ነው። የበጋው ሙቀትም ምግብ አያስበላም።

በመኪና ከአዲስ አበባ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የወለጋው መንገድ በጸጥታው ምክንያት ለዓመታት ሰው ሲያመነታበት ስለ ቆየ በአውሮፕላን ሄድን። አሶሳ ያለችበት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ራሱም ከ2011 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ በካማሺ፣ ቆይቶም በመተከል ብዙ ሰው ያለቀባቸውን ግጭቶች አሳልፏል። ዕረፍት ነው ብሎ ይህንን ሳያስቡ መሄድ አይቻልም፤ ጎረቤቶቻችን ሲሸኙን የጠየቁን ስለ ምግቡ አልነበረም።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ሸጎሌ ነው። ሰፈሩ የሚጠራው በአሶሳው ገዢ በሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ስም መሆኑን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ ነው፤ የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸው እዚያው ሰፈራችን ነበር። ስለዚህ አሶሳ ስገባ ወደ ሰፈሬ ባለቤት አገር የሄድሁ መሰለኝ። ሼህ ሆጀሌና ባለቤታቸው ሲት አምና የዚህ አገር ስመ ጥር ባልና ሚስት ናቸው፤ ታሪካቸው ግን በማር የተቀባ አይደለም። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ዘምተው ቤኒሻንጉልን ለምኒልክ ካስገበሩ በኋላ ሆጀሌ ወርቅ እየገበሩ ኃይላቸውን አጸኑ። ድንበሩ በግንቦት 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ ውል ሲሰመር ባልየው በኢትዮጵያ ወገን፣ ሚስትየው ደግሞ በሱዳን ወገን እንግሊዞች የተቀበሏት ገዢ ሆኑ። በሁለቱ መካከል ያለፈው ሸቀጥ ሰው ነበር። ከእነዚህ ኮረብታዎች የታፈሱ ሰዎች ወደ ሱዳን ይሸጡ ነበር፤ ኋላ እነዚያው እንግሊዞች ሲት አምናን በባሪያ ንግድ ከሰው አሰሯት።

ይህን የማነሳው የምግቡ መንገድም ያው መንገድ ስለሆነ ነው። የግብጹ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ልጁን እስማኤልን ወደ ሱዳን ያዘመተው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነው፤ ሠራዊቱ ዓባይን ተከትሎ እስከ ፋዞግሊና እስከ ቤኒሻንጉል ኮረብታዎች ዘለቀ። አብሮት የተጓዘው ፈረንሳዊ ፍሬዴሪክ ካዮ ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1826 አሳተመው። ታሪክ ጸሐፊው አሌሳንድሮ ትሪውልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለዚህ አካባቢ ላሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ሲመርጥ ከወርቁም በፊት ያስቀደመው ጨውን ነው። ጨው ይገባል፣ ወርቅ ይወጣል፤ ከጨውና ከወርቁ ጋር ጨርቅ፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋና የወጥ አሠራር አብረው ይጓዛሉ። የዚህ አካባቢ ነባር ሕዝብ በርታዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች የሆኑትም፣ ዓረብኛ የለመዱትም በዚህ መንገድ ነው። ፉሉ፣ የሰሊጡ ዘይት፣ ከርከዴው፣ ዝንጅብል የገባበት ቡና፣ ሁሉም ፊታቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ ካርቱም ነው።

ታዲያ ባረፍንበት ሆቴል የምግብ ዝርዝሩን ስንገልጥ ያገኘነው ምን ነበር? ጥብስ፣ ሽሮ ፈሰስ፣ ተጋቢኖ፣ ፓስታ በአትክልት፣ ክለብ ሳንድዊች። ከአዲስ አበባው ሃያ ሁለት ማዞሪያ ተነቅሎ የመጣ ዝርዝር ነው። አስተናጋጇን የአካባቢውን ምግብ ስንጠይቃት ደነገጠች፤ ወደ ማድ ቤት ገብታ ተመለሰችና «ዓሣ አለ» አለችን። ዓሣው በእርግጥ ጥሩ ነበር፤ በደንብ የተጠበሰ ቆሮሶ። ከሕዳሴው ግድብ ኋላ የተኛው ንጋት ሐይቅ ላይ ዓሣ ማስገር ከተጀመረ ወዲህ በክልሉ የዓሣ ነገር ተስፋው ሌላ ሆኗል። ግን ዓሣ በደንብ መጥበስ የትም ይቻላል።

በኋላ በሌሎችም ምግብ ቤቶች ያው ሆነ። ከተማዋ ለእንግዳ የምታቀርበው የእንግዳውን ምግብ ነው። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፦ ምግብ ቤት የሚበላው የመንግሥት ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅት ባልደረባው፣ ሾፌሩ፣ ነጋዴው ነው፤ እነሱ ደግሞ እንጀራ ይፈልጋሉ። ሌላው ምክንያት ይቆጠቁጣል። የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ የቤት ምግብ፣ የሴት ጓዳ ምግብ፣ ለሰው ፊት የማይቀርብ ምግብ ተደርጎ ይታያል። ደገኛው በዝልግልግነቱ ይቀልድበታል፤ የምግቡ ባለቤትም ቀልዱን ስለሚያውቀው ለእንግዳ ዶሮ ያርዳል። ፉል ከዚህ ዕጣ ያመለጠው ከካርቱም የመጣ የከተማ ምግብ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ማንም አያፍርበትም። እንደ እኔ እንደ እኔ የአሶሳ ሆቴሎች የክለብ ሳንድዊቹን መስመር ሰርዘው አንድ ሳህን ገንፎ ቢጽፉበት ሰው የሚመጣላቸው ለሱ ነው።

እኛ ገንፎውን ለማግኘት እትዬ ጋ መሄድ ነበረብን።

በአሶሳ ዙሪያ የሰፈራ መንደሮቹ የሚጠሩት በቁጥር ነው፦ አምባ 14፣ መገሌ 32፣ ሰልጋ 24፣ ኮምሽጋ 26። ባለ ባጃጁ ቁጥሩን ብቻ ሰምቶ ያደርሳል። የእትዬ ቤት ቆርቆሮ ክዳን ያለው ጭቃ ቤት ነው፤ ከፊቱ ሁለት ትልልቅ ማንጎ፣ ከኋላው በቆሎ፣ ከበቆሎው መካከል ዘንግ ዘንግ ብሎ የቆመ ባሚያ። ባለቤቴን አንገቷ ሥር ስመው ሳይጠግቡ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ነው ባልሽ? ምነው ከሳብሽ?»

«እትዬ፣ እሱ ተፈጥሮው ነው።»

«ተፈጥሮ ብሎ ነገር የለም። ግቡ፣ እናንተ ልጆች፣ ዝናቡ ሳይመጣ።»

እትዬ ስለ ሰፈራው ሲያወሩ ስለ ምግብ ያወራሉ። መጀመሪያ ሲመጡ ያስለቀሳቸው ሙቀቱም ወባውም አይደለም ይላሉ፤ በሬ ነው። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ ከብቱን ይፈጀው ነበር፤ ለወሎ ገበሬ ደግሞ በሬ የሌለው እርሻ እርሻ አይደለም። መንግሥት በትራክተር አሳረሳቸው፤ ትራክተሩ ሲቆም ደግሞ ከበርታ ጎረቤቶቻቸው ዶማ ተማሩ። ገንዲ የዚህን አገር ማዕድ ራሱን የቀረጸ በሽታ ነው። ቅቤና ወተት እንደ ደጋው የማይትረፈረፈው፣ የወጡ ቅባት ከሰሊጥና ከኦቾሎኒ የሚመጣው፣ ፍየልና ዶሮ የሚበዛው ከብት በቀላሉ ስለማይረባ ነው። የእትዬ ምጣድም ከዚህ ጋር ታርቋል፦ ጤፉን በማሽላ፣ አንዳንዴም በዳጉሳ ይደባልቁታል። እንጀራው ጠቆር ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ ነው። ባለቤቴ የአያቷ እንጀራ ነው ብላ ማለች፤ እትዬ ግን «ያንን እንኳ አያክልም» አሉ። ወሎ ከወጡ አርባ ዓመት ያለፋቸው ሴት የወሎን እንጀራ ከማንም ጋር አያስተካክሉም።

ገንፎውን የሠሩልን ጎረቤታቸው ናቸው፤ መንደሩ ሁሉ ሐጃ የሚላቸው በርታ እናት። ሁለቱ ሴቶች በአንድ አጥር የሚዋሰኑ፣ የአንዷ ልጅ በሌላዋ ጡት ያደገ ጎረቤታሞች ናቸው። እትዬ አጥሩ ላይ ቆመው «ሐጃ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች ከንከሴ ካልበላን ብለው አስቸገሩኝ» ሲሉ ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። በርታዎች ባሚያን ከንከሴ ይሉታል፤ ጉሙዞች አንደሃ።

ሐጃ ማድ ቤታቸው ውስጥ አስቀመጡን። ከጣሪያው ሥር ቋንጣ ተሰቅሏል፤ ጥግ ላይ በሰፌድ የደረቀ ባሚያ አለ። ባሚያው ገና ለጋ ሳለ ይቆረጣል፤ ካረጀ ይጠነክርና ለዘር ብቻ ይሆናል። ለዕለቱ የተረፈው በቀጫጭኑ ተከትፎ በፀሐይ ይደርቅና በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ያ ዱቄት በጋውን ሙሉ ወጥ ያወፍራል። ሐጃ ለእኛ ሁለቱንም አዋሉ፦ እርጥቡን ለጣዕሙ፣ ዱቄቱን ለውፍረቱ። ሽንኩርቱን በሰሊጥ ዘይት አቁላልተው ቋንጣውን ጨመሩ፤ ውሃ አፈሰሱበትና ሲፈላ ዱቄቱን በጣታቸው እየበተኑ፣ ጫፉ መስቀለኛ የሆነ እንጨት በሁለት መዳፋቸው መካከል እያሾሩ መቱት። ወጡ ዓይናችን እያየ ተሳሰረ። እንጨቱን ሲያነሱት እንደ ክር ተስቦ ተከተላቸው።

«አየህ?» አለችኝ ባለቤቴ በሹክሹክታ። ዝልግልግ ነገር እንደማልወድ ታውቃለች፤ ተልባ እንኳ በስንት ልመና ነው የምጠጣው።

ባሚያን ዝልግልግ የሚያደርገው በፍሬው ውስጥ ያለው ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሙጫ መሰል ነገር ነው። ዓለም በዚህ ሙጫ ላይ ያለው አቋም ሁለት ነው። ህንዶች ባሚያውን አድርቀው በዘይት በመጥበስ ይሸሹታል፤ ግብጾች በሎሚና በቲማቲም ኮምጣጣነት ይሰብሩታል። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ግን ሙጫውን ፈልገውት አሜሪካ አደረሱት፤ የሉዊዚያናው ገምቦ የሚባለው ወጥ ዛሬም በባሚያ ይወፍራል። አሶሳም ከፈላጊዎቹ ወገን ናት። ኢትዮጵያ ባሚያ በዱርና በጓሮ በብዙ ዓይነቱ ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ከመገኛዎቹ መካከል የሚቆጥሯት ተመራማሪዎች አሉ። ገምቦን በፊልም ያየ የአዲስ አበባ ልጅ ከንከሴን ሰምቶ አለማወቁ ያስቀኛል፤ ከእነዚያ ልጆች አንዱ እኔ ነኝ።

ገንፎው በሌላ ድስት ነው። የማሽላ ዱቄት በፈላ ውሃ ላይ፤ ሐጃ ድስቱን በሁለት እግራቸው ቆልፈው በረጅም ማማሰያ ሲያገላብጡት ክንዳቸው ላይ ያለው ጅማት ይታያል። ጓል የሌለው፣ ከድስቱ ጠርዝ የሚላቀቅ ሲሆን በውሃ በራሰ ሳህን ላይ ገልብጠው አለሰለሱት፤ ወጡን ዙሪያውን አፈሰሱበት። እኛ ቤት ገንፎ መሃሉ ይጎደጉድና ቅቤና በርበሬ ይገባበታል፤ ጠርዝ ጠርዙን እየበሉ ወደ መሃል ይሄዳሉ። እዚህ ወጡ ውጭ ነው፤ ገንፎው ደሴት። በቀኝ እጅ ቆረስ ያደርጉና መሃሉን በአውራ ጣት ጎድጎድ አድርገው ወጡን ይዝቁበታል።

የመጀመሪያውን ጉርሻ አኝኬ አኝኬ አልሄድ አለኝ። ሐጃ አይተውኝ ኖሮ፦

«ልጄ፣ ምን ታኝካለህ? ተወው፣ ራሱ መንገዱን ያውቃል።»

ማኘኩን ተውሁት። እውነትም መንገዱን ያውቃል። ማሽላው ደረቅ፣ ጨፍጋጋ ነገር ነው፤ ብቻውን ጉሮሮ ይይዛል። የባሚያው ወጥ የተፈጠረው ለሱ ነው። አንዱ የሌላውን ጉድለት እንደሚሞላ ከገባኝ በኋላ ሙጫው አላስቸገረኝም፤ የቋንጣው ጨው፣ የሰሊጡ ጠረን፣ ከሥር የምትመጣ ቀጭን የማሽላ ምሬት ቀረ። ባለቤቴ ሳህኑን ጠርጋ «ከቀረብኝ ቪዛ ይሻላል» አለች። እትዬ ምን ቪዛ እንደሆነ ሲጠይቁ ታሪኩን ነገረቻቸው። «ከእኛስ ዘንድ አትመለሱም ብለው አልፈሩም?» አሉና ሳቁ።

ከምግቡ በኋላ ቡናው ነው፤ እሱ ላይ ሁለቱ ቤቶች አይስማሙም። የእትዬ ቡና የወሎ ነው፦ ዕጣን፣ ዱዓ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የሐጃ ቡና በሱዳን ሥርዓት ነው፤ ቡናው ሲወቀጥ ዝንጅብል አብሮ ይወቀጣል፤ ስኒው ትንሽ፣ ስኳሩ ብዙ ነው። እትዬ «ዝንጅብል ለጉንፋን ነው» ይላሉ። ሐጃ ደግሞ የእትዬን ቡና የሚጠጡት ስለ ጉርብትና ነው። እኔ የዝንጅብሉን መረጥሁ፤ እትዬ እስክንሄድ ድረስ አላነሱልኝም።

የሽመል ቡቃያውን ያገኘነው ገበያ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ሁለት አገር በቀል ዓይነቶች አሏት፦ የደጋው ቀርከሃና የቆላው ሽመል። ሽመል ከአሶሳ ዙሪያ ጀምሮ በክልሉ ሰፊ ቦታ ይበቅላል፤ ግንዱ እንደ ደጋው ክፍት ቧንቧ ሳይሆን ውስጡ ሊደፈን የቀረበ ጠንካራ ነው። አጥሩ፣ አልጋው፣ የዶሮ ቤቱ፣ የእህል ጎተራው ሁሉ ከሱ ነው። መብላቱን ግን አላውቅም ነበር። ሴቶቹ ቡቃያውን በእቅፍ በእቅፍ አስረው ጭቃ ላይ ዘርግተውታል፤ ቡናማ ልጣጩ ሲገፈፍ ውስጡ ነጭ ነው። ጥሬውን አይነኩትም፤ የሽመል ቡቃያ ካልተቀቀለ ምሬትም መርዝም አለው። ቀቅለው ውሃውን ይደፉና ከሽንኩርት ጋር ወጥ ያደርጉታል፤ እንደ ጎመን እንጨት ይንኮሻኮሻል። ቻይናና ጃፓን ውድ ምግብ አድርገው የያዙት ነገር እዚህ የክረምት መሸጋገሪያ ነው፤ የአምናው እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ያልደረሰበት ጊዜ ምግብ። ሽመል ሌላም ጠባይ አለው፦ ከብዙ ዓመት በኋላ ጫካው በአንድ ላይ ያብብና በአንድ ላይ ይደርቃል። በአሶሳ ዙሪያ እንዲህ ሰፊ ጫካ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ከዘሩ እንደገና እስኪያድግ ድረስ ሰዉ አጥሩንም ቡቃያውንም ያጣል።

ማንጎው ላይ ብዙ አልቆይም፤ አሶሳ ያለማንጎ አትታሰብም፣ ያንን ሁሉም ያውቃል። ዛፎቹ ከዘር የበቀሉ የድሮ ዛፎች ናቸው፤ ከቤት ጣሪያ በላይ ይሄዳሉ፤ ፍሬው ትንሽ፣ ቃጫው ብዙ፣ ጣዕሙ ግን የተሻሻለውን የሚያስንቅ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ መንገዱን ይሞላዋል፤ እኛ የደረስነው ለጭራው ነው። ቅጠሎቹ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አየን። ይህ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ በምሥራቅ ወለጋ የታየው፣ ከዚያም ወደዚህ የዘለቀው ነጭ የማንጎ ተባይ ነው፤ ቅጠሉን እየመጠጠ ያደርቃል፣ ፍሬው ላይ ሮዝ ነቁጥ ጥሎ ገበያ ያሳጣዋል። መድኃኒት እንዳይረጩ ዛፉ ረጅም ነው። እንዲቆርጡት ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ እትዬ ግን በጥላው ሥር የኖሩበትን ዛፍ መጋዝ ሊያስነኩት አልፈለጉም።

ዋዛ እንሰማለን ብለን ጓጉተን ነበር። ዋዛ በርታዎች ከቅል ሠርተው በቡድን የሚነፉት ረጃጅም ጥሩንባ ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ በየተራው እያስገባ ዜማውን አብረው ይሠሩታል። ሐጃን ስንጠይቃቸው በጥያቄያችን ተገረሙ። ዋዛ የሚነፋው በአዝመራ ነው፤ አዝመራ ገና ምኑ ደርሶ!

ከመመለሳችን በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አስገድዶን ከአንዲት ሻይ ሻጭ ሸራ ሥር ገባን። ሱዳናዊት ናት። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ብዙ ሰው በድንበር ከተማዋ በኩርሙክ በኩል እየተሻገረ ነው፤ በክልሉ እንደ ሸርቆሌና ባምባሲ ያሉት መጠለያዎች ቀድሞም ስደተኛ የያዙ ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ኡራ ላይ አዲስ መጠለያ ተከፈተ። ሴትየዋ ከየት እንደመጣች አልጠየቅናትም፤ እሷ ግን ባለቤቴን ቡናው እንዴት እንደሆነ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀቻት። ባለቤቴ ጣቷን ስማ አሳየቻት። ሴትየዋ ከጎኗ ካለው ሳጥን ስስ የማሽላ ኪስራ አወጣችና ቆርሳ ሰጠችን፤ ከወረቀት የሳሳ፣ ኮምጠጥ ያለ። ባለቤቴ አፏ ውስጥ አዙራ አዙራ «ይሄማ የእትዬ እንጀራ ነው፣ ዓይን የለውም እንጂ» አለች። ሒሳቡን ልንከፍል ስንል የቡናውን ብቻ ተቀበለች። ለኪስራው ብንለምናትም እምቢ አለች።

ስንመለስ ሻንጣችን ደረቅ ባሚያ፣ ከርከዴ፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ነበር። ባለቤቴ እቤት እንደገባን በሳምንቱ እንግዳ ጠርታ ከንከሴ ልትሠራ ተነሳች። እኔም አግዛለሁ ብዬ ዱቄቱን ድስቱ ላይ ገለበጥሁት። ወዲያው ረግቶ፣ መሃሉ ደረቅ ዱቄት የያዘ ጓል ጓል ሆነ። ለእትዬ ደወልን፤ እትዬ ስልኩን በአጥሩ ላይ ለሐጃ አቀበሏቸው። ያደረግሁትን ነገርኋቸው።

«ሁሉንም አንድ ጊዜ?»

«አዎ፣ ሐጃ።»

ከወዲያ ሁለት ሴቶች ሲሳሳቁ ሰማሁ።

«ልጄ፣ አንተ ከዚያ ማድ ቤት ውጣና ሚስትህን አገናኘኝ።»